የግብር አቤቱታና የመደብ አንድነት
የጎጃም ገበሬ የ1960 ዓ.ም. ዐመፅና ለትምህርት ሥራ የሚሰጠው ግንዛቤ

መግቢያ

በአገራችን የገበሬ ዐመፅ ታሪክ ውስጥ የጎጃም ገበሬ በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብርን በመቃወም ያነሣው ንቅናቄ የተለየ ስፍራ ይዞ ይገኛል። ከእርሱ በፊትና በእርሱ ዘመን በትግራይ፣ በጌዴኦና በባሌ የተነሡት ዐመፆች በጦር ኃይል ወይም በድካም ሲያበቁ፣ የጎጃሙ ገበሬ ግን የተነሣበትን ጉዳይ አስፈጽሞ ወደ እርሻው ተመልሷል። ሕጉን በኃይል ማስፈጸም ቀረ፤ የጠቅላይ ግዛቱ ገዥም ከሥፍራቸው ተነሡ። በሌላ አነጋገር ገበሬው አሸነፈ።

ይሁን እንጂ ድሉን በቅርብ ለሚመረምር ሰው አንድ ጥያቄ ይነሣበታል። ግብሩ ቀረ፤ ግብሩን ያመጣው ሥርዓት ግን ቀረ ወይ? ገበሬው ከአንድ ሸክም ዳነ፤ ከብዝበዛ ዳነ ወይ? ከእርሱ ጋር በአንድ መንደር የሚኖረው መሬት የሌለው ሸማኔና ሸክላ ሠሪስ ከዚህ ድል ምን አገኘ?

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የ1960ውን ዐመፅ መነሻ በማድረግ ብዝበዛን የመቃወም ሁለት መንገዶችን ማነጻጸር ነው። አንደኛው በአንድ በተወሰነ ጉዳይ ላይ ብቻ ተሰባስቦ ያንኑ ጉዳይ ማስፈጸም ነው። ሁለተኛው ልዩ ልዩ በደል የደረሰባቸው ወገኖች የበደላቸውን የጋራ ምንጭ ተረድተው በመደብ አንድነት መታገል ነው። ንጽጽሩ ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች የቀረበበት ምክንያት አለው። መምህሩ ራሱ በ1966 ዓ.ም. በእነዚህ ሁለት መንገዶች መካከል ቆሞ ነበር፤ ዕቅድ አውጪውም ቢሆን «ለድኃው ይበጃል» ብሎ ያዘጋጀው ዕቅድ በራሱ በድኃው ተቀባይነት ሲያጣ የሚገጥመውን ችግር ከዚህ ታሪክ ሊረዳው ይችላል።

፩. ርስት፣ ግብርና ሥጋት

የጎጃም ደጋ የመሬት ሥሪት ከደቡቡ የአገራችን ክፍል የተለየ ነበር። በደቡብ አብዛኛው ገበሬ የመሬት ባለቤትነቱን ተነጥቆ በጭሰኝነት ሲኖር፣ በጎጃም ግን ብዙው ገበሬ በትውልድ ሐረግ የሚወርስ ርስተኛ ነበር። ርስት መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት የሚወለዱ ሁሉ ድርሻ የሚጠይቁበት መብት እንጂ እንደ ሸቀጥ የሚሸጥ ንብረት አልነበረም። በ1950ዎቹ በደጋ ዳሞት ጥናት ያደረገው አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ተመራማሪ አለን ሆበን እንዳሳየው፣ የዚህ ሥሪት ዋና ጠባይ ድርሻው ተለክቶና ተከልሎ የሚያልቅ አለመሆኑ ነው። ርስተኛው ዘወትር በአባቱም በእናቱም ወገን ይከራከራል፤ ዛሬ በእጁ ያለው መሬት ነገ በሌላ ተወላጅ ሊጠየቅበት ይችላል። ስለዚህ መሬትን የሚለካና በየስሙ የሚመዘግብ ማናቸውም አሠራር ለእርሱ ተራ የጽሕፈት ሥራ አልነበረም፤ የኑሮውን መሠረት የሚነካ ነገር ነበር።

ይህ ሥጋት ያለ ምክንያት አልነበረም። በደቡብ መሬት በቀላድ ከተለካ በኋላ ብዙ ባላገር ከአባቱ መሬት ተነቅሎ ጭሰኛ ሆኖ እንደቀረ በጎጃም ይታወቅ ነበር። ከጠላት ወረራ በኋላ መንግሥት በ1934 እና በ1937 ዓ.ም. ባወጣቸው የመሬት ግብር ሕጎች መሬት ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ተብሎ እየተመደበ በጋሻ እንዲገብር ሲደነገግ፣ የጎጃም ሕዝብ በመሣሪያ ጭምር ተቃወመ። በመጨረሻም ጎጃም ከጎንደርና ከትግራይ ጋር በጋሻ ከሚታሰበው ግብር ወጥቶ ከወረራው በፊት በ1927 ዓ.ም. በነበረው ልክ እንዲገብር ተወሰነ። ገበሬው ከዚህ የተማረው ነገር ቢኖር እምቢታ እንደሚያዋጣ ነው።

በነዚሁ ዓመታት ሌሎች ግብሮችም ተጨመሩ። በ1940 ዓ.ም. በመሬት ላይ የትምህርት ግብር፣ በ1951 ዓ.ም. ደግሞ የጤና ግብር ተጣለ። በሐሳብ ደረጃ ሁለቱም ለሕዝብ ጥቅም የተወጠኑ ናቸው። ነገር ግን የትምህርት ግብር ከፋዩ ገበሬ በገጠር ሲኖር፣ ትምህርት ቤቱና ሐኪም ቤቱ አብዛኛውን ጊዜ በከተማ ነበር። የትምህርትን ታሪክ የምናስተምር ሰዎች ይህን ነጥብ አዘውትረን እናልፈዋለን። በከተማ የተሠራው የዘመናዊ ትምህርት ወጪ በከፊል ልጁ ደጃፉን ያልረገጠው ገበሬ ከከፈለው ግብር የተገኘ ነው።

፪. ሕጉና እምቢታው

በ1958 ዓ.ም. የጉልት መብት በሕግ ተሻረ። በኅዳር 1960 ዓ.ም. ደግሞ የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። አዋጁ አሥራትን አስቀርቶ ግብር ከእርሻ በሚገኘው ገቢ መጠን እንዲከፈል ደነገገ። ገቢው ከፍ ባለ መጠን የግብሩ ምጣኔም ከፍ እንዲል የታሰበ ስለነበር፣ በወረቀት ላይ ሲታይ ከአሥራት ይልቅ ወደ ፍትሕ የቀረበ ነበር። በአሥራት ዘመን በብዙ ስፍራ ባለመሬቱ ከጭሰኛው አሥራቱን በእህል ተቀብሎ ለመንግሥት ያነሰ ገንዘብ ብቻ እየከፈለ ልዩነቱን ለራሱ ያስቀር ነበር። አዲሱ ሕግ ይህን ቀዳዳ ይዘጋል ተብሎ ታምኖበታል።

ታዲያ ከማንም በፊት ሊደግፈው ይገባ ነበር የሚባለው ባለ ትንሽ ማሳ ገበሬ ስለ ምን ተነሣበት? ሦስት ምክንያቶች ጎልተው ይታያሉ።

አንደኛው የመለካት ሥጋት ነው። ገቢን ለመገመት መሬቱን ማየት፣ ማሳውን መቁጠርና የባለይዞታውን ስም መጻፍ ያስፈልጋል። ለርስተኛው ይህ በሌላ ስም የመጣ ቀላድ ነበር።

ሁለተኛው የገማቾቹ ማንነት ነው። ሕጉ በአዲስ አበባ ሲነበብ አንድ ነገር ነው፤ በሞጣ ወይም በብቸና ሲፈጸም ግን ሌላ ይሆናል። በዚያ ሕግ ማለት ፖሊስ አስከትሎ የሚመጣው ሹምና ከእርሱ ጋር የተስማማው የአካባቢ ባለጉዳይ ነው። ገበሬው ግምቱ በጉቦና በዝምድና እንደሚወሰን ከልምዱ ያውቅ ነበር።

ሦስተኛው የጠቅላይ ግዛቱ አስተዳደር ራሱ ነው። ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ጎጃምን ባስተዳደሩበት ዘመን የተደረገው የጦር መሣሪያ ምዝገባና በልዩ ልዩ ስም የተጠየቀው መዋጮ ሕዝቡን አስመርሮት ነበር። ግብሩ የመጣው በተሞላ እንስራ ላይ ነው።

እምቢታው በአንድ ጊዜ ወደ ጦርነት አልገባም። በመጀመሪያ የነበረው አቤቱታ ነው። ገበሬዎች ወኪሎች መርጠው ወደ አውራጃ፣ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ላኩ። መልስ ሲያጡና ገማቾች በፖሊስ ታጅበው ሲመጡ ግን መንገድ ዘጉ፤ ሹማምንቱንም ከየወረዳው አስወጡ። ንቅናቄው ከሁሉ ይልቅ የበረታው በሞጣ፣ በብቸና፣ በቆላ ደጋ ዳሞትና በደብረ ማርቆስ አውራጃዎች ነበር። መንግሥት ጦር ሠራዊት ላከ፤ አውሮፕላኖችም መንደሮችን ደበደቡ። ቤት ተቃጠለ፤ ከብትና እህል ጠፋ፤ ሰው አለቀ።

በዚህ ሁሉ መካከል ገበሬው ደጋግሞ ያሰማው ቃል «ንጉሡን አልከዳንም፤ የከዳነው አስተዳዳሪውን ነው» የሚል መንፈስ ያለው ነበር። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው አባባል የቆየ እምነቱን ይገልጻል። አቤቱታው ለንጉሥ ስለሆነ ንጉሡን ሊከስ አይችልም ነበር። የንቅናቄው ብርታትና ድካም ሁለቱም ከዚህ ይነሣሉ። በዙፋኑ ላይ ስላልተነሣ ለመንግሥት መታረቅን ቀላል አደረገለት። በዙፋኑ ላይ ስላልተነሣ ደግሞ የዙፋኑን ሥርዓት ሳይነካው ቀረ።

በ1960 ዓ.ም. መጨረሻ ደጃዝማች ፀሐዩ ወደ ከፋ ተዛወሩና ደጃዝማች ደረጀ መኰንን ተተኩ። ውዝፍ ግብር ተማረ፤ አዲሱም ሕግ በጎጃም በተግባር ሳይሠራበት ቀረ።

፫. ማን ተባበረ? ማን ቀረ?

የአንድ ጉዳይ ትግል ትልቁ ኃይሉ ሰፊ መሆኑ ነው። ግብሩን የሚጠላ ሁሉ ይገባበታል። በጎጃም ባለ ብዙ ማሳውም ባለ ጥቂት ማሳውም፣ የአካባቢው ባላባትም፣ ካህኑም፣ የአርበኝነት ዘመን መሪ የነበረውም በአንድነት ቆመዋል። የጋራው ነገር ርስትና ጎጃሜነት ነበር። ገበሬው ከኃይለኛው ጎረቤቱ ጋር ስለ ወሰንና ስለ ድርሻ የነበረውን ክርክር ለጊዜው አስቀምጦ በአንድ መስመር ተሰለፈ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንዲሉ፣ ይህ አንድነት ባይኖር ኖሮ ዐመፁ አንድ ክረምት እንኳ ባልቆየ ነበር።

ሆኖም በዚያ ድር ውስጥ ያልተፈተሉ ክሮች ነበሩ። በጎጃም ደጋ ርስት ያልነበራቸው ወገኖች ጥቂት አልነበሩም። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ፋቂውና ሸክላ ሠሪው በአብዛኛው መሬት አልነበራቸውም። የእስልምና ተከታዮችም እንዲሁ ከርስት ተገልለው በሽመናና በንግድ ይኖሩ ነበር። ከሌላ አገር መጥቶ የሰው መሬት በእኩል ወይም በሲሶ የሚያርስም ነበር። የነዚህ ሰዎች ችግር የመሬት ማጣትና መናቅ እንጂ የእርሻ ገቢ ግብር አልነበረም። የዐመፁ ጥያቄ «ርስታችን አይነካ» ስለነበር፣ ከርስት የተገለለው ሰው በዚያ ጥያቄ ውስጥ ስፍራ አላገኘም። ጥያቄው ሲመለስም የርሱ ኑሮ እንደነበረ ቀጠለ።

በደብረ ማርቆስ አካባቢ የተወለዱት ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያሳተሙት ዐመፁ ከመነሣቱ ሁለት ዓመት አስቀድሞ በ1958 ዓ.ም. ነው። በዚያ መጽሐፍ አበጀ በለው የሚመራቸው ገበሬዎች ፊታውራሪ መሸሻ የሚጠይቁባቸውን ተጨማሪ ግዳጅ እምቢ ይላሉ፤ ፊታውራሪውንም ይማርካሉ። በዚያም ዐመፁን ያስነሣው አንድ የተወሰነ ግዳጅ ነው፤ ሥርዓቱን በጠቅላላው የሚመረምረው ደግሞ ጉዱ ካሳ ነው። ሁለቱ ሰዎች በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ቢገኙም ተባብረው ድርጅት አላቆሙም። በ1960ው ዐመፅም እምቢታውና ትንተናው እንዲሁ ተለያይተው ነበር የኖሩት።

ይህ ጠባይ የጎጃም ብቻ አይደለም። በጃፓን እ.ኤ.አ. በ1873 የወጣው የመሬት ግብር ሕግ ገበሬው ከመሬቱ ዋጋ በመቶ ሦስት በገንዘብ እንዲከፍል አዘዘ። እ.ኤ.አ. በ1876 ታላላቅ የገበሬ ዐመፆች ተነሡ፤ በሚቀጥለውም ዓመት መጀመሪያ መንግሥት ግብሩን ወደ በመቶ ሁለት ተኩል ዝቅ አደረገ። ይህም ድል ነበር። ነገር ግን የግብሩ ቅናሽ የጠቀመው የመሬቱን ባለቤት ነው፤ ለባለመሬቱ ከምርቱ ትልቅ ድርሻ የሚሰጠው ጭሰኛ ዕዳው አልቀለለለትም። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የጭሰኞች ቁጥር እየጨመረ ሄደ፤ ጉዳዩ እልባት ያገኘው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ በተደረገው የመሬት ይዞታ ለውጥ ነው። በግብር ላይ ብቻ የተገኘ ድል ግብር ከፋይ ያልሆነውን ድኃ እንደማያካትት ሁለቱ ታሪኮች በአንድነት ይመሰክራሉ።

፬. የተለያዩ እሳቶች

በጎጃም ጥይት ሲተኮስ በባሌም ይተኮስ ነበር። በዋቆ ጉቱና በሌሎች የተመራው የባሌ ገበሬዎች ዐመፅ ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ 1962 ዓ.ም. ቆይቷል። ከዚያ አስቀድሞ በ1935 እና 1936 ዓ.ም. የትግራይ ገበሬዎች «ወያኔ» የተባለውን ዐመፅ አንሥተው ነበር፤ በመጨረሻም መቀሌ በእንግሊዝ አውሮፕላኖች ተደብድባለች። በ1952 ዓ.ም. ደግሞ የጌዴኦ ገበሬ በቡና መሬት ባለቤቶች ላይ ተነሥቷል። በእነዚህ መካከል በድርጅት የተያያዘ አንድም አልነበረም።

ምክንያቱን በንቃተ ህሊና ጉድለት ብቻ መግለጽ ቀላል ነው፤ በቂ ግን አይደለም። የየአካባቢው ብዝበዛ በተለያየ መልክ ይታይ ነበር። ጌዴኦው የሚያየው የመሬቱን ጌታ ነው፤ ጎጃሜው የሚያየው የግብሩን ገማች ነው። ለአንዱ ጠላት የሆነው የመሬት ባለቤትነት ለሌላው የሕይወቱ ዋስትና ነው። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው በአዲስ አበባ ሲሰለፉ፣ መፈክሩ የደቡቡን ጭሰኛ ችግር በሁለት ቃላት አስቀምጦታል። ለጎጃም ርስተኛ ግን አራሹ ራሱ ነበር፤ መሬቱም በእጁ ነበር። መፈክሩ እውነተኛ ሆኖ ሳለ የእርሱን ጥያቄ አልመለሰም። እንዲያውም ርስትን የሚነካ ሌላ ለውጥ ሊያስመስልበት ይችል ነበር።

ስለዚህ የመደብ አንድነት በመፈክር አይፈጠርም። ልዩ ልዩ በደሎችን እርስ በርስ የሚያስተረጉም ሰው ያስፈልጋል። በዚያ ዘመን ለዚህ ተግባር ከሁሉ የቀረበው ሰው መምህሩ ነበር። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች የተላኩት ተማሪዎች አብዛኞቹ በመምህርነት ሠርተዋል። ከከተማ መጥተው የገጠሩን ኑሮ አዩ፤ የገጠሩም ልጅ ከእነርሱ የከተማውን ሐሳብ ሰማ።

፭. የካቲት 1966፤ የመምህራን ጥያቄ

በ1966 ዓ.ም. የካቲት የሆነው ነገር ከ1960ው ጋር ሊነጻጸር ይገባዋል። በየካቲት 11 ቀን መምህራን የሥራ ማቆም አድማ አደረጉ። በዚያው ቀን የታክሲ ነጂዎች በነዳጅ ዋጋ መጨመር ምክንያት ሥራ አቆሙ። ወታደሮች ስለ ደመወዝና ስለ ኑሯቸው ጠየቁ። በየካቲት 28 የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ መታ። በሚያዝያ 12 የእስልምና ተከታዮች የእኩልነት ጥያቄ አንሥተው በአዲስ አበባ ታላቅ ሰልፍ አደረጉ። እያንዳንዱ ወገን የመጣው የራሱን ጉዳይ ይዞ ነው። መንግሥትም ለእያንዳንዱ የየራሱን መልስ ለመስጠት ሞከረ፤ የነዳጁን ዋጋ ቀነሰ፣ ለወታደሩ ደመወዝ ጨመረ፣ የትምህርት ሴክተር ሪቪው የተባለውን ዕቅድ ተግባራዊነት አዘገየ። በ1960 ዓ.ም. በጎጃም የሠራው ዘዴ ይህ ነበር፤ አሁን ግን አልሠራም። ጥያቄዎቹ በአንድ ጊዜ በመምጣታቸው እርስ በርስ ተጋገዙ። በየካቲት 20 የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ።

የመምህራኑ ጥያቄ ለእኛ የተለየ ትኩረት ይሻል። የሴክተር ሪቪው ዕቅድ በ1964 ዓ.ም. በተደረገ ሰፊ ጥናት ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ ዋና ሐሳቡ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ለብዙኃኑ በተለይም ለገጠሩ ልጅ ማዳረስ ነበር። እንደ 1960ው የግብር ሕግ ሁሉ፣ በወረቀት ላይ ሲታይ ወደ ድኃው ያደላ ነበር። ነገር ግን መምህራንና ወላጆች ያነበቡበት ሌላ ነው። የድኃው ልጅ በአራት ዓመት ተወስኖ ሲቀር የባለጸጋው ልጅ ወደ ላይ ይቀጥላል፤ የመምህሩም የደመወዝ ዕድገት ይጠባል። ዕቅዱ ሲዘጋጅ መምህራን በበቂ ሁኔታ አልተጠየቁም፤ የገጠሩ ወላጅማ ጨርሶ አልተጠየቀም።

እዚህ ላይ ራሳችንን በቅንነት መመርመር አለብን። የመምህራኑ ማኅበር የደመወዝ ጥያቄውን ከሕዝቡ ልጆች የትምህርት ዕድል ጋር አያይዞ በማቅረቡ የራሱን ጉዳይ ወደ ሰፊው ሕዝብ ጉዳይ አሸጋግሯል። ይህ የአንድ ጉዳይ ትግል ወደ መደብ አንድነት የሚያድግበት መንገድ ነው። ይሁንና ዕቅዱ በመቅረቱ ይበልጥ የተጠቀመው ልጁ አስቀድሞ በትምህርት ቤት የነበረው ከተሜ ነው። የትምህርት ግብር ሲከፍል የኖረው የገጠር ገበሬ ልጅ የአራት ዓመቱንም ሆነ የስድስት ዓመቱን ትምህርት ወዲያው አላገኘም። የጎጃሙ ርስተኛ ድል ርስት አልባውን ሸማኔ እንዳላካተተ ሁሉ፣ የመምህሩ ድልም በትምህርት ቤት ያልነበረውን ልጅ አላካተተም። ይህን ስንል የመምህራኑን ትግል ለማሳነስ አይደለም፤ ሥርዓቱን ካናጉት ኃይሎች አንዱ መሆኑ የተረጋገጠ ነው።

፮. ከ1967 ዓ.ም. በኋላ፤ የመደብ ስም ከላይ ሲነገር

በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ንብረት የሚያደርገው አዋጅ ወጣ። በእኛ ንጽጽር ውስጥ የዚህ አዋጅ ትልቁ ነጥብ፣ በግሉ ለማረስ ፈቃደኛ የሆነ ማንኛውም ሰው ያለ ጾታ ልዩነት መሬት እንዲያገኝ መደንገጉ ነው። ጭሰኝነት ተሻረ። ርስት ያልነበረው ሸማኔና ፋቂ በሕግ ፊት ከርስተኛው ጋር እኩል ባለመብት ሆነ። የ1960ው ዐመፅ ሊያደርሰው ያልቻለውን ሰው የመደብ መርሕ ደረሰለት። የጎጃም ርስተኛ በበኩሉ አዋጁን በጥርጣሬ ተቀበለ፤ ከሰባት ዓመት በፊት የተዋጋው ርስቱ እንዳይነካ ነበርና።

ነገር ግን የመደብ አንድነት ከታች በራሱ በገበሬው ተደራጅቶ ሳይሆን ከላይ በመንግሥት ስም ሲነገር የራሱን ችግር ያመጣል። የገበሬ ማኅበራት መጀመሪያ መሬት የሚያከፋፍሉና ዳኝነት የሚሰጡ የገበሬው መድረኮች ነበሩ። እየዋለ እያደረ ግን የመንግሥት ትእዛዝ ወደ ታች የሚወርድባቸው መሣሪያዎች ሆኑ። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት እህል በተወሰነ ዋጋ ይገዛ ነበር፤ ገበሬው ኮታውን በማኅበሩ በኩል እንዲያቀርብ ይገደድ ነበር። ጤፍና ስንዴ አብቃዩ ጎጃም ከዋናዎቹ አቅራቢዎች አንዱ ነበር። የዋጋው ዝቅተኛነት ገበሬውን ሲጎዳው አቤት የሚልበት ቦታ አልነበረውም። አቤቱታው «የግል ጥቅም» ወይም «ፀረ አብዮት» ተብሎ ሊተረጎምበት ይችል ነበርና። የኮታው ግዳጅ የተነሣው በየካቲት 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ መመሪያ ሲታወጅ ነው።

በዚህም የተነሣ ታሪኩ የሚያቀርብልን ትምህርት አንድ ወገን ብቻ ያለው አይደለም። በ1960 ዓ.ም. የተጎደለው የመደብ አንድነት ነበር፤ ገበሬው አንድ ጉዳይ ይዞ አሸነፈ፣ ሥርዓቱ ግን ቆየ። ከ1967 ዓ.ም. በኋላ የተጎደለው ደግሞ የአንድ ጉዳይ አቤቱታ ነው፤ የመደቡ ስም በየስብሰባው ሲጠራ የእህሉን ዋጋ የሚጠይቅ ድምፅ ታፈነ። የመደብ አንድነት ትክክለኛ ትርጉም ትናንሽ አቤቱታዎችን መዋጥ ሳይሆን ተሸካሚ ማብዛት ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው አባባል ሎሚዎቹን አይጥላቸውም፤ ያከፋፍላቸዋል እንጂ።

፯. ለመምህርና ለዕቅድ አውጪ

ከላይ የተባለው በክፍል ውስጥ እንዴት ሊሠራበት ይችላል? የታሪክ መምህር፣ በተለይም በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃም የሚያስተምር፣ በመጽሐፉ ላይ ብቻ መወሰን የለበትም። የ1960ውን ዐመፅ በዓይናቸው ያዩ አረጋውያን ቁጥራቸው እየቀነሰ ቢሆንም ዛሬም ይገኛሉ። ተማሪዎች ከአያቶቻቸው ሦስት ነገር ብቻ ጠይቀው እንዲመጡ ቢደረግ ይበቃል። ግብሩን የተቃወማችሁት ስለ ምን ነበር? ከጎናችሁ የቆመው ማን ነበር? በመንደሩ መሬት ያልነበረው ሰው በዚያን ጊዜ ምን ያደርግ ነበር? ሦስተኛውን ጥያቄ ብዙ ጊዜ ማንም አይጠይቀውም። መልሱ የሚገኘው ደግሞ ከርስተኛው የልጅ ልጅ ብቻ ሳይሆን ከሸማኔውና ከሸክላ ሠሪዋ የልጅ ልጅም ጭምር ነው፤ ሁለቱም በአንድ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። መምህሩ ይህን ጥያቄ ሲያነሣ ማንንም እንዳያሳፍር ጥንቃቄ ማድረግ ይገባዋል።

የተሰበሰበው መልስ በክፍል ሲቀርብ ተማሪዎች በሁለት ዓምድ እንዲጽፉት ማድረግ ይጠቅማል። በአንደኛው ዓምድ ዐመፁ ያስገኘው፣ በሁለተኛው ያላስገኘው ይሰፍራል። ከዚያም ተመሳሳዩን ለየካቲት 1966 ዓ.ም. እና ለየካቲት 1967 ዓ.ም. ቢሠሩ፣ የመደብን ትርጉም ከመሸምደድ ይልቅ በገዛ አያቶቻቸው ሕይወት ያዩታል።

ዕቅድ አውጪውም ከዚህ ታሪክ የሚወስደው አለ። የ1960ው የግብር ሕግና የ1966ቱ የትምህርት ዕቅድ ሁለቱም የተሠሩት በስሌት ነው፤ ስሌቱም በብዙ ረገድ ለድኃው ያደላ ነበር። ሁለቱም የወደቁት ድኃው የሚፈራውን ነገር ማንም ስላልጠየቀው ነው። ገበሬው የፈራው መለካቱን ነው፤ ወላጁ የፈራው ልጁ ከበር ላይ መቅረቱን ነው። እንዲህ ያለ ፍርሃት በሠንጠረዥ ላይ አይታይም። ዕቅዱ ወደ ወረዳ ከመውረዱ በፊት «ይህን የሚያስፈጽመው ማን ነው? ሰዉስ ያን አስፈጻሚ ያምነዋል ወይ?» ተብሎ ካልተጠየቀ፣ መልሱ ዘግይቶ በእምቢታ ይመጣል።

ከዚህም ጋር አቤቱታ የሚያቀርበውን ብቻ ሰምቶ ማቆም አይበቃም። በ1960 ዓ.ም. ወኪል መርጦ እስከ አዲስ አበባ የላከው ርስተኛው ነው፤ ሸማኔው ወኪል አልነበረውም። ዛሬም በወላጆች ስብሰባ ላይ የሚናገረው ልጁን የላከው ወላጅ ነው፤ ልጁን መላክ ያልቻለው በስብሰባው ላይ አይገኝም። የትምህርት ዕቅድ የመጀመሪያ ተግባሩ ያን ያልተገኘውን ሰው ሄዶ መጠየቅ ሊሆን ይገባል።